ከመለኪያ በታች

ልክ ሦስት ሰዓት ሲል እጄ ዛሬም ያውቃል፤
ሻዬን ሳልጨርሰው ደብተሬን ይነጥቃል።
ሠላሳ አራት ዓመት፣ ጎሬ፣ ጉብታው ላይ፣
«ትናንት ስንት ጣልክ?» እያልኩ ስጠይቅ ሰማይ፣
ከጣሳው ገልብጬ፣ በብርጭቆ ለክቼ፣
የሰጠመችን ዝንብ በጣቴ አውጥቼ፣
በሬዲዮ ስናገር፣ ከወዲያ ጫፍ አንዲት
«ጎሬ፣ ጎሬ፣ ይሰማል?» ትል ነበር፤ ወይዘሪት
ስንዱ።
ፊቷን አላየሁም። ድምፅ ብቻ ነበረች፣
ቁጥሬን ደግማ ጽፋ «እሺ፣ ቀጥል» ያለች።
ሙሉ አዲስ አበባ በጉሮሮዋ አደረች።

አሁን አራተኛ ፎቅ፣ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም፤
ጫማ የሚያረጥብ ሣር በደጃፌ የለም።
ልጃችን ሌንሴ ናት «ኑ፣ ይበቃል» ያለች፤
አስካለ ሳምንት ሳይሞላት እድር ገባች፤
በሁለተኛው፣ እቁብ። በወር ውስጥ፣ ካለ
እሷ ምክር ሽንኩርት የሚገዛ የለ።
እኔ፣ ሚሊሜትር ሳይስት የኖረው ሰው፣
የፎቁ ቁጥር ግን ደረጃው ላይ ጠፋው።
ሦስት ጊዜ አምስተኛ ወጥቼ፣ የሌላ ሰው በር
ላይ ቁልፌን ሰክቼ ስታገል፣ ስማረር፣
ወይዘሮ እታፈራሁ ከፈቱ፦
«ዛሬም መጡ፣ ጋሼ? ይግቡ እንጂ!
ይህም ቤት ነው፣ ቆሎ አይታጣበት፤
ቁልፉን ግን ይተዉት።»
አልገባሁም። ወረድኩ። አሥራ ስምንት ደረጃ።
አሁን እየቆጠርኩ ነው የምወጣው።

ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው።
ጎሬ ላይ ጣሪያዬን እየደበደበ
እንቅልፍ ሲነሳኝ የኖረ ውሃ፣
እዚህ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ቧንቧ ውስጥ ሲያስል ሰምቼ እነቃለሁ።
አስካለ ጀሪካኑን ትይዛለች፣ እኔ ባትሪውን።
«ስንት ሊትር ሆነ?» ትለኛለች።
ምን እንደሚያስደስተኝ ታውቃለች።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን የወተት ጣሳ አጥቤ
ከበረንዳው ብረት ጋር በሽቦ ጠፈርኩት።
ዝናብ በሌለበት ወር! ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ።
ሲነጋ፣ ጣሳው ውስጥ ውሃ።
ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ግቢው አቧራ፣
የጎረቤት ድመት ደረቅ መሬት ላይ ተንጋላ።
ቀና ስል፣ ከላይ፣ የወይዘሮ እታፈራሁ አንሶላ።
ደብተሬ ሐሰት አያውቅም፤ እንዲህ ስል ጻፍኩበት፦
ዝናብ፣ ዜሮ። አንሶላ፣ ሦስት ነጥብ ሁለት።

ይህን አስካለ ለእድሩ አወራች፣ እድሩ ለግቢው።
ከዚያ ወዲህ ዳና፣ ዘበኛችን፣ በየጠዋቱ
«ጋሽ ጎሬ፣ ዛሬ ይዘንባል?» ይለኛል።
እኔ የጣለውን እንጂ የሚጥለውን አላውቅም፤
ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። አያምነኝም።
ፊቴን አይቶ ነው የሰዉን በርበሬ ከስጥ የሚያስነሳው።

ትናንት፣ ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከኋላዬ
አንዲት ሴት በስልኳ «ይሰማል? ይሰማል?» አለች።
ባቡሩ ከላይ ያልፋል፤ ወያላው
«የቀረ አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል።
ዞርኩ። ነጭ ጸጉር፣ ክብ መነጽር፣ የዳቦ ፌስታል።
ትሆን? አትሆንም?
ድምፅም ያረጃል እኮ፤
በዚህ ከተማ ደግሞ «ይሰማል?» የማይል ማን አለ?
አፌ ላይ ደርሶ ነበር፦ «ጎሬ ነኝ። ይሰማል።»
«አባባ፣ ይግቡ እንጂ፣ መንገድ ዘጉ» አለኝ አንዱ ጎረምሳ።
ገባሁ።
የቀረው አንድ ሰው ነበር።

ልደታ ስወርድ ግንባሬን አንዳች ነገር ነካኝ፤
ካፊያ እንኳ የማይባል፣ አስፋልቱ ያልሰማው።
ሮጬ ወጣሁ፤ አራት ፎቅ፣ ሳልስት።
ጣሳው እርጥብ ነው፣ የሚቀዳ ግን የለውም።
ለዚህ እኛ የሥራው ሰዎች የምንጽፈው ቃል አለን፦
«ከመለኪያ በታች»።
ጥሏል ማለት ነው፤ ለቁጥር ግን አልበቃም።
ጻፍኩት፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።
«እሱ ደግሞ ስንት ሊትር ነው?» አለች አስካለ ከጓዳ።